የማይነካከስ ግንብ

ግንቡ በተናደበት ሰዓት ማን የት እንደነበረ በደንብ አስታውሳለሁ። ግንበኛው አያ እንድሪስ በዋናው በር አጠገብ፣ መሰላሉ ሥር ቆመው የረጠበ ጭቃ በጣታቸው ያሹ ነበር። የጸበሉ ሕሙማን ቤት ቁልፍ ያዥ አያ ደምሌ ከዋርካው ሥር፣ በሽተኞቹ ለጊዜው የተጠለሉበት ዳስ በር ላይ ነበሩ። ከአውራጃው መሥሪያ ቤታችን የቤቱን እድሳት ሊቆጣጠር የተላከው ጓድ መኮንን ግቢው መሃል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በስንጥር ይጠርግ ነበር። በሽተኛዋ ዘሃራ ዘጠነኛው ክፍል ውስጥ ከኋላው ግንብ ሥር ተቀምጣለች፤ ቀኝ እግሯ በሰንሰለት ከግንቡ ጋር ታስሯል። እኔ ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቄ፣ ሜትር በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ።

ዳሱ ውስጥ ሌሎች በሽተኞችና አስታማሚዎችም ነበሩ። ነገሩ የተፈጸመው ግን በእኛ በአምስታችን መካከል ነው።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመቴ ነው። ሐይቅ ተወልጄ ደሴ ተማርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላላመጣሁ አገሬ ተመልሼ በአውራጃው አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ጸሐፊ ሆንኩ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ነበር። የታዘዝኩትን እጽፋለሁ፤ ያልታዘዝኩትን አልጠይቅም። በዚያ ዘመን ይህ እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጠር ነበር፤ እኔም እኮራበት ነበር።

ቤቱ ከአምባሰል ገደል ሥር፣ አንድ የሚካኤል ጸበል አጠገብ ነው። የቦታውን ስም አልጠራም። አእምሯቸው የታወከ ሰዎች ከቅርብም ከሩቅም ወደዚያ ይመጡ ነበር። እስላም ክርስቲያን አይልም፤ በእኛ አገር በሽታ ሃይማኖት አይጠይቅም። የድሮ ባላባት ነው ያሠራው ይባላል። ርዝመቱ ሠላሳ ስድስት ሜትር ነው፤ የለካሁት እኔ ነኝ። የግንቡ ውፍረት ሁለት ክንድ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፤ ድንጋዩ በጭቃና በጭድ የተያያዘ ነው። አንድ ዋና በር፣ ከበሩ የሚጀምር ጨለማ መተላለፊያ፣ በመተላለፊያው ላይ ተራ በተራ ዘጠኝ ክፍሎች። እያንዳንዱ ክፍል ከኋላው ግንብ ላይ መዳፍ የምታህል የአየር ቀዳዳ አለችው። እያንዳንዱ ክፍል ግንቡ ላይ የተቀበረ የብረት ቀለበት አለው። ጣራው በወይራ ግንድ ተረብርቦ አፈር ተደምድሞበታል፤ ቆርቆሮው ከዚያ በላይ በኋላ የመጣ ነው። አፈሩ ለምን እንደተደመደመ አያ ደምሌን ስጠይቃቸው፣ «ታማሚ ጣራ ቀዶ እንዳይወጣ» አሉኝ። ጻፍኩት።

ቤቱ አርጅቶ ሊወድቅ ስለነበር መሥሪያ ቤታችን እንዲታደስ ፈቀደ። የትእዛዙ ወረቀት «እንደነበረ ይታደስ» ይላል። የእኔ ሥራ ከመፍረሱ በፊት ያለውን ሁሉ ለክቶ መመዝገብ ነበር። የተመዘገበ ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያልተመዘገበ አይመለስም።

ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት የድርቅ ዓመታት ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ አልናገርም፤ የነበረ ያውቃል። ሥራውን በጀመርን በሦስተኛው ቀን ያገሩ ሰው ለዝናብ ተሰብስቦ ነበር። እስላሞቹ ሜዳው ላይ ዱዓ አደረጉ፣ ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረው ምህላ ያዙ። አያ እንድሪስ ቆርቆሮውን ሁሉ ገፈው፣ የመተላለፊያውን ጣራ አንስተው የግንቡን አናት ክፍት አድርገውት ስለነበር ሸራ ሊያለብሱት ወጡ። ከዱዓው የሚመለሱ ሽማግሌዎች አዩዋቸው።

«እንድሪስ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ድንገት ቢዘንብ ጭቃው እንዳይሟሽሽ ልሸፍነው ነው።»

«አሁን እጃችንን ዘርግተን ለምነን፣ አንተ ፊቱ ላይ ሸራ ትዘረጋለህ? አንፈልግም ልትለው ነው?»

አያ እንድሪስ ከመሰላሉ ወረዱ። ሸራውን አጣጥፈው አስቀመጡ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። ዝናብ እየለመነ ከዝናብ የሚሸሸግ ማን ነው?

በዚያው ሌሊት ዘነበ። ሰው እየወጣ ዝናቡ ውስጥ ቆመ፤ ጓድ መኮንን እንኳ ቆቡን አውልቆ ነበር። ግንቡን ያሰበ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ የቀረችኝን የመጨረሻ ክፍል ልለካ ገባሁ። ሌሎቹ በሽተኞች ወደ ዳሱ ተወስደዋል። ዘሃራ ብቻ ቀርታለች፤ ምክንያቱም የቤቱ ደንብ ነው። በሽተኛ ሲመጣ ያመጣው ሰው ደፉ ላይ ቆሞ ለቁልፍ ያዡ በመሐላ ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ራሱ መጥቶ ካልተረከበ፣ ወይም በእጁ የሚታሰረውን ገመድ የሚይዝ አስታማሚ ከሌለ፣ በሽተኛው ደፉን አይሻገርም። ዘሃራን ያመጣት ወንድሟ ነው። ልጇ በድርቁ ሞቶባት ሌሊት እየተነሳች መቃብሩን ትቆፍር ነበር አሉ። ወንድሟ በኋላ ወደ ሰፈራ ሄደ፤ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ከገባች አራት ዓመቷ ነው።

«የምን ልክ ነው?» አለችኝ ስገባ።

«የቤቱ።»

«እኔን ብትጠይቂኝ ይቀልሽ ነበር እታለም። በስንዝር ሃያ ሁለት በአሥራ ሰባት፤ እጄ ያልደረሰበትን በዓይኔ ሰፍሬ።»

ለካሁት። በእሷ ስንዝር ትክክል ነበር። ይህን እንኳ አልነገርኳትም። «ቀለበት፣ አንድ» ብዬ ጽፌ ወደ በሩ ዞርኩ።

ድምፁ እንደ ነጎድጓድ አልነበረም። ከረጢት እህል ከትከሻ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ከዚያ ሌላ ከረጢት፣ ከዚያ ብዙ። የመተላለፊያው ግንብ ወደ ውስጥ ተደፋ፤ በሩ በድንጋይና በጭቃ እስከ ላይኛው ጉበኑ ሞላ። አቧራ አልነበረም፤ ሁሉም ርጥብ ነው። ጨለመ። ከቀዳዳዋ የምትገባ ብርሃን ብቻ ቀረች።

መጀመሪያ የተናገረችው ዘሃራ ናት።

«አብሽሪ» አለች። «ይሄ ቤት ማንንም ቶሎ አይለቅም፤ ቶሎም አይገድል።»

ፍርስራሹን በእጄ መጎተት ጀመርኩ። ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ቀጥሎ የአያ እንድሪስ ድምፅ በቀዳዳዋ መጣ።

«የሺ! ልጄ! አለሽ?»

«አለሁ።»

«ዘሃራስ?»

«እኔማ የት እሄዳለሁ?» አለች ዘሃራ።

«የሺ፣ ፍርስራሹን እየነካሽ ነው?»

«አዎ።»

«ተይ! አትንኪው! ቀና ብለሽ ጣራውን እዪ። ከበሩ በላይ ያለው ግንድ ምን ላይ ነው ያረፈው?»

ቀና አልኩ። ግንዱ ጫፉ ከግንቡ ወጥቶ ፍርስራሹ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ነገርኳቸው።

«እንግዲህ ያ ድንጋይ ነው ጣራውን ይዞ ያለው» አሉ። «በዚያ በኩል መንገድ የለም።»

ጓድ መኮንን ከኋላቸው ሲናገር ሰማሁት። ሃያ ሰው አሰልፎ ፍርስራሹን ማስወጣት ነው የሚሻለው አለ። አያ እንድሪስ አንድ ድንጋይ ቢወጣ ሁለቱም ሴቶች እንደሚቀበሩ ነገሩት። እንግዲያው ከደሴ ባለሙያ ይምጣ አለ። «እስኪመጣ ሰማዩን ማን ይዞልህ ይቆያል?» አሉት። በእርግጥም ከአምባሰል ራስ ላይ ደመና እየወረደ ነበር፤ እኛ ባናየውም ከውጭ ነገሩን።

ጣራው ያንጠባጥብ ጀመር። ውሃ ሳይሆን ጭቃ ነው የሚወርደው። ዝናቡን የጠጣ አፈር ምን ያህል እንደሚከብድ በዚያን ቀን ነው ያወቅሁት። በየጊዜው አንዱ ግንድ ቀጭን ድምፅ ያሰማል። እኔ በተሰማ ቁጥር ወደ ላይ አያለሁ፤ ዘሃራ አታይም።

ፈርቼ ነበር። ከዚህ በላይ ስለዚያ መናገር አያስፈልግም።

አያ እንድሪስ ከውጭ የኋላውን ግንብ በመዶሻ ጀርባ እየመቱ ያዳምጡ ጀመር። ይመታሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ይራመዳሉ፣ ደግሞ ይመታሉ።

«ይሄን ግንብ መብሳት ነው ያለብኝ» አሉ በቀዳዳዋ። «ግን የት? ጣራውን የተሸከመው እሱ ነው። ያለ ቦታው ከበሳሁት እኔው ራሴ ጣልኩባችሁ ማለት ነው። ከውጭ ልስን ለብሷል፤ ድንጋዩ እንዴት እንደተቀመጠ አይታየኝም።»

ያኔ ዘሃራ፣ «ጀርባዬ ላይ ያለው አይነካከስም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ድንጋዩ። ሌላው ግንብ አንዱ ድንጋይ አንዱን ነክሶ ነው የተቀመጠው፤ ጣትሽን ብትሰጂው መንገዱ ይጠማዘዛል። እዚህ ግን ቀጥ ያለ መስመር አለ። ከታች እስከ ላይ፣ በጣቴ ስሄድበት አይሰበርም። እዚያ ማዶም አንድ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ጭቃ ደግሞ ጭድ የለውም።»

ነገሩን ለአያ እንድሪስ ደገምኩት።

«ከላይስ?» አሉ። «መስመሩ ከላይ ሲያልቅ ምን ይነካታል?»

«እንጨት» አለች ዘሃራ። «ጠፍጣፋ ነው። ጠንካራ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አሉ አያ እንድሪስ። «በር ነው! ይሄ በር ነበር! የታሸገ በር ነው። እንጨቱ ጉበኑ ነው። የግንቡን ሸክም የያዘው ጉበኑ ነው፤ ከሱ በታች ያለውን ባወጣ ግንቡ አይወርድም። የሺ፣ ሜትርሽ አለሽ?»

«አለ።»

«እንግዲህ ከውስጥም ከውጭም የምትታይ አንድ ነገር ቀዳዳዋ ብቻ ናት። ሁሉንም ከእሷ ጀምረሽ ለኪልኝ። አትቸኩዪ።»

ከፍርስራሹ ርቀው የተንከባለሉ ድንጋዮች ደርድሬ ወጣሁባቸው። ዘሃራ በጨለማው ጣቷን መስመሩ ላይ ታደርጋለች፤ እኔ ከቀዳዳዋ ጠርዝ እስከ ጣቷ እለካለሁ። መጀመሪያው መስመር ሰባ ሳንቲም። ሁለተኛው አንድ ሜትር ከስድሳ። የጉበኑ ታች ከቀዳዳዋ በታች ሃያ አምስት። ሁለት ጊዜ ለካሁት። ሦስተኛ ጊዜም ለካሁት።

«ጎበዝ ነሽ» አለች ዘሃራ። «ቅድም ስትለኪ ግን አላየሽውም።»

«ጨለማ ነበር።»

«አሁንም ጨለማ ነው።»

ቁጥሮቹን በቀዳዳዋ ለአያ እንድሪስ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው።

አያ እንድሪስ ልክ ባልናቸው ቦታ ልስኑን ሲልጡት መስመሩ ወጣ። ድንጋይ ማውጣት ሊጀምሩ ሲሉ ግን ቆሙ። «የሺ፣ ሰንሰለቱ የት ነው የታሰረው?»

አየሁት። ቀለበቱ የተቀበረው በታሸገው በር መካከል ነው። ሰንሰለቱ አንድ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። አያ እንድሪስ በሚያወጡት ድንጋይ ሥር የምትቀመጠው ዘሃራ ናት፤ ወዲያ ልትል አትችልም። ከላይ የሚናደው ወደ ውስጥም ይናዳል።

«ደምሌ፣ ቁልፉን አምጣ» አሉ አያ እንድሪስ።

ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ተሰማኝ፤ ወደ ቀዳዳዋ ግን አልቀረበም።

«ደምሌ!»

«ቁልፉ እጄ ላይ ነው» አሉ አያ ደምሌ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «ግን ወንድሟ ደፉ ላይ አቁሞኝ በሚካኤል አስምሎኛል። እኔ መጥቼ በእጄ እስክወስዳት እግሯ እንዳይፈታ ብሎ።»

«ወንድሟ ሰፈራ ነው ያለው።»

«አውቃለሁ።»

«ጣራው አልማለም ደምሌ! ልቆይ ብሎ አልማለም!»

«አንተ ምን አለብህ፤ የማልኩት እኔ ነኝ! ሰባት ዓመት ቁልፍ ስይዝ አንድ መሐላ አላፈረስኩም።»

ጓድ መኮንን ተቆጣ። መሐላ የአሮጌው ሥርዓት ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም ቁልፉን አስረክብ አለ።

ዘሃራ ሳቀች። «ተዉት» አለች። «አያ ደምሌ መሐላ አያፈርስም። እህል ሲጠፋ የራሱን ቆሎ ያበላኝ ሰውዬ ነው፤ ግን አይፈታኝም። አውቀዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ግንቡን እንደተደገፍኩ ልቀመጥ፣ እነሱ ይብሱት። አንቺ ወደ ጥግ ሂጂ። አንድ ሰው ቢወጣም ወጣ ነው።»

ግንዱ እንደገና ድምፅ አሰማ፤ ይህኛው ከቀደሙት ረዘም ያለ ነው። እፍኝ የሚያህል አፈር ራሴ ላይ ወረደ።

እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። ሳልታዘዝ የተናገርኩት የመጀመሪያ ነገር ይመስለኛል።

«አያ ደምሌ» አልኩ በቀዳዳዋ። «እኔ ተረከብኳት።»

«ምን?»

«ዘሃራን። እኔ ተረክቤያለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ላይ ናት።»

«አንቺ ምኗ ነሽ?»

«ምኗም አይደለሁም።»

«በማን ስም ትረከቢያለሽ?»

«በራሴ። የሺ ነኝ። በሚካኤል እምላለሁ።»

አያ ደምሌ በረጅሙ ተነፈሱ። «ልጅ ነሽ። የተረከበ ሰው መሐላውን ከእኔ ላይ ይወስዳል፤ ግን ደንቡ ዋስ ይላል። ዋስሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ!» አሉ አያ እንድሪስ። «አላህ ምስክሬ ነው፣ ዋሷ እኔ ነኝ። አሁን አምጣው!»

ቁልፉ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ታስሮ በቀዳዳዋ ገባ። ተንበርክኬ የእግር ብረቱ ውስጥ ከተትኩት። አልዞረም። አራት ዓመት ተከፍቶ አያውቅም፤ ዝጓል። በሁለት እጄ ሞከርኩ፤ ቆዳዬ ተላጠ።

«ጸጉርሽን ቅቤ ተቀብተሻል» አለች ዘሃራ።

«ምን?»

«ይሸተኛል። ቁልፉን እሸው።»

ቁልፉን ጸጉሬ ውስጥ አሸሁት፤ ቅቤውን በጣቴ ጠርጌ የእግር ብረቱ ቀዳዳ ውስጥ ጨመርኩ። አዞርኩ፣ መለስኩ፣ አዞርኩ። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ተከፈተ። ዘሃራ እግሯን አወጣች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጸጉር የማይበቅልበት ነጭ ክብ ነበር። እጇን አስይዣት ወደ ማዶው ጥግ ሄድን፤ ተቃቅፈን ተቀመጥን። እስከዚያን ቀን አቅፋኝ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት።

አያ እንድሪስ ከጉበኑ ሥር ጀምረው አንድ በአንድ አወጡ። ሰዓቱ ረዘመ። አንዳንዴ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ያኔ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። መጀመሪያ ጣት የሚያህል ብርሃን ገባ። ከዚያ የእጃቸው ጣቶች። ከዚያ ቀለበቱ ያለበት ድንጋይ ከነቀለበቱ፣ ሰንሰለቱን እየጎተተ ወደ ውጭ ወጣ። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ክፍተት ተከፈተ።

«ነይ ውጪ» አልኳት።

ዘሃራ ክፍተቱ ጋ ደርሳ ቆመች። ከውጭ አያ ደምሌ ፊት ለፊቷ ነበሩ።

«ልውጣ?» አለቻቸው።

አያ ደምሌ ፊታቸውን አዞሩ። «የተረከበችሽን ጠይቂ» አሉ።

ገፋኋት። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ጣራው ከኋላችን ወደቀ ብል ታሪኩ ያምር ነበር፤ አልወደቀም። እስከ ማግስቱ ቆሞ አደረ።

አያ ደምሌ እንደ ደንቡ ገመድ አምጥተው አንዱን ጫፍ በእጇ ሊያስሩ፣ ሌላውን ሊያስይዙኝ መጡ። ገመዱን ተቀበልኩና ጠቅልዬ መለስኩላቸው። ቅር አላላቸውም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «እኔም እዚህ አራተኛው ክፍል ነበርኩ» አሉ። «አባቴ በዓመቱ መጥቶ ወሰደኝ። ለዚህ ነው፤ ሁሉም የሚመጣለት ሰው ያለው ይመስለኝ ነበር።»

በዚህ መካከል አያ እንድሪስ ጉበኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነበር። ከዚያ በግንቡ ርዝመት ተራመዱ፤ ከየቀዳዳዋ ሰባ ሳንቲም እየለኩ ልስኑን ላጡ። በስምንተኛው ክፍል መስመር ወጣ። በሰባተኛውም። ዘጠኙንም አዩ።

«ይሄን ቤት የሠራው ሰው ለእያንዳንዱ ክፍል ወደ ፀሐይ የሚወጣ በር ነበር የሰጠው» አሉ። «ቀለበት አልነበረውም። የድሮው ግንብ ላይ አንድም ቀለበት የለም፤ ሁሉም የተቀበረው በሮቹ በታሸጉበት ላይ ነው።»

ጓድ መኮንን ክፉ ሰው አልነበረም። እሱም የሚፈራው ሰው ነበረው። አመሻሽ ላይ አስጠርቶኝ የዕለቱን መዝገብ እየነገረኝ እንድጽፍ አዘዘኝ። «ዘጠነኛው ክፍል፦ በአደጋ ምክንያት የተበሳው የኋላ ግንብ እንደነበረ ይገነባል። ቀለበቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።»

ብዕሩን ያዝኩ። ያኔ ነው ጥያቄው የመጣብኝ፤ እንደነበረ፣ መቼ? ትናንት? ከመታሸጉ በፊት? ጠዋት ራሴ የጻፍኩትን ገጽ ገለጥኩ። ክፍሎች ዘጠኝ፣ የውጭ በር አንድ፣ ቀለበቶች ዘጠኝ። ቁጥሩ ሁሉ ትክክል ነበር፤ ቤቱ ግን እሱ አልነበረም። ሰርዤ ጻፍኩ፦ የውጭ በር አሥር፤ ዘጠኙ ታሽገዋል። ቀለበት፣ በቀድሞው ግንብ ላይ የለም።

ጓድ መኮንን አነበበው። «ይሄን አላልኩሽም።»

«አላሉኝም።»

«በር አልነበረም እኮ።»

«ነበረ» አሉ አያ እንድሪስ ከደጅ። «ጉበኑ ያውልህ፤ ጠይቀው።»

ጓድ መኮንን ወደ ጉበኑ ተመለከተ። «ቢሮ እንነጋገራለን» ብሎ ፈረመበት። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ሲያልቅ አልታደሰም። በሮቹ ሁሉ አልተከፈቱም፤ በጀቱ ለሦስቱ ብቻ በቃ። ቀለበቶቹ ግን አልተመለሱም፤ ስላልተመዘገቡ።

ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ሆንሽ ብትሉኝ፣ ሐይቅ ገበያ ክርና መርፌ እየሸጥኩ ልጆች አሳደግሁ። ትልቅ ነገር አልሠራሁም። የተለወጠብኝ አንድ ነገር ነው። «እንደነበረ ይሁን» ሲባል እጄ ይቆማል። ከባለቤቴ ቤተሰብ ጋር፣ ከዕድር ሰዎች ጋር፣ ከልጆቼም ጋር ብዙ ጊዜ በዚህ ተጣልቻለሁ። ነገር ሁሉ ከኋላው የታሸገ በር አለው እያልኩ አይደለም፤ የሌለውም አለ። ግን ሳይዳሰስ አይታወቅም። ደግሞም ያን ግንብ ሦስት ቀን ዙሪያውን የለካሁት የተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያወቀችው ግን የታሰረችው ናት። ይህን ለመናገር ይከብደኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከዘሃራ ጋር ወረድን። ቤቴ ልወስዳት አስቤ ነበር፤ እናቴ ምን ትላለች እያልኩ ሳሰላስል ነው የተጓዝኩት። ከቁልቁለቱ በታች፣ ሐይቁ ከሩቅ ሲታይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ከተማው፣ ሌላው የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ አርዲቦ።

ዘሃራ ቆመች።

«አክስት አለችኝ እዚያ» አለች። «ካለች።»

«አብሬሽ ልሂድ?»

«ተረክበሽኛል አይደል?»

«ተረክቤሻለሁ።»

«እንግዲያው ልቀቂኝ።»

መንገዱ ርቀቱ ስንት እንደሆነ፣ የወንዙ ውሃ ሞልቶ እንደሆነ፣ አክስቷ ባትኖርስ ብዬ አሰብኩ። አንድ ነገር ብትሆን የሚጠየቀው ማን እንደሆነም አሰብኩ። ምግብ የቋጠርኩበትን ጨርቅ ሰጠኋት።

ተቀበለችኝ፣ በአርዲቦ መንገድ ሄደች።